መንግሥት ማሽን ለሰበረ ሲከፍል፦ የላንክሻየር ጥጥ ኢንዱስትሪ፣ 1959

ጉዳዩ ባጭሩ

በ1959 የብሪታኒያ መንግሥት ለጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች ያልተለመደ ሐሳብ አቀረበ። ማሽናችሁን ሰባብሩ፣ ካሳ ትወስዳላችሁ አላቸው። እነሱም አላመነቱም። ዓመት ሳይሞላ 12 ሚሊዮን ገደማ ስፒንድል (ክር የሚያጠምዝና የሚጠቀልል ዘንግ) እና 100 ሺህ ገደማ የሽመና ማሽን ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። ከኢንዱስትሪው ስፒንድል ግማሽ ያህሉ፣ ከሽመና ማሽኑ ደግሞ 40 በመቶ ገደማው ማለት ነው።

የዕቅዱ ሁለተኛ ክፍል አሮጌው በተነቀለበት ቦታ አዲስ ማሽን ማስገባት ነበር። ለዚህም ድጎማ ተዘጋጅቷል። ይሄኛው ግን እንደታሰበው አልሄደም።

ጉዳዩን መዝግቦ ማስቀመጥ የፈለግኩት ለዚህ ነው። በአንድ ሕግ፣ በአንድ ክፍለ አገር (በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ባለችው ላንክሻየር)፣ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ አንዱ ግማሽ ሲሳካ ሌላው ከሽፏል። ምክንያቱን ለማየት የተመቸ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የግለሰቦችን ስም ትቻለሁ፤ ነገሩ ያለ ስምም ይገባል።

ዳራ

ማንቸስተር፣ በርንሌይ፣ ብላክበርን፣ ቦልተን፣ ፕሬስተን፣ ኦልድሃም። እኛ እነዚህን ስሞች የምናውቃቸው በኳስ ነው። ሁሉም ግን የጥጥ ከተሞች ነበሩ። የቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ራሱ የፋብሪካ ሕግ አለበት። በ1850 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እንዲዘጉ አዘዘ። ሠራተኛው ኳስ የሚያይበት ጊዜ ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሥራው በአካባቢ የተከፋፈለ ነበር። በደቡብ በኩል ኦልድሃም፣ ቦልተንና ሮችዴል ክር ይፈትላሉ። በሰሜን በኩል በርንሌይ፣ ኔልሰንና ብላክበርን ይሸምናሉ። ማንቸስተር ይሸጣል። አብዛኛው ፋብሪካ ከዚህ ሰንሰለት አንዷን ቁራጭ ብቻ የያዘ ነው። ፈታዩ ጨርቁን አያውቀውም፣ ሸማኔው ደንበኛውን አያውቀውም። ይህ ክፍፍል በደህናው ዘመን ጥንካሬ ነበር። በኋላ ግን ጣጣ አመጣ።

ኢንዱስትሪው ጫፍ የደረሰው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል ነው። በ1913 ወደ 7 ቢሊዮን ያርድ የጥጥ ጨርቅ ወደ ውጭ ተልኳል። ከ600 ሺህ በላይ ሰው እንጀራው ከዚያ ነበር። ትልቁ ገዢ ሕንድ ነበረች።

ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ውጭ የሚሄደው ጨርቅ ቀነሰ። ሕንድ የራሷን ፋብሪካ አስፋፋች፣ በኋላም ቀረጥ ጨመረች። ጃፓን ገባች። ላንክሻየር ግን ይህን ያየው ዘግይቶ ነው። በ1919 እና 1920 አጭር ሞቅታ ነበር፤ ፋብሪካዎች በባንክ ብድር በእሳት ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። ገበያው ሲወድቅ ዕዳው ብቻ ቀረ። ባንኮቹ ፋብሪካውን ካዘጉት ኪሳራውን መዝገባቸው ላይ ሊያወጡት ነው። ስለዚህ አላዘጉትም። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል መሞት የነበረበት ፋብሪካ ሳይሞት ኖረ።

ማሳነስም አዲስ ነገር አልነበረም። በ1929 የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ድጋፍ ያለበት ላንክሻየር ኮተን ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ከመቶ በላይ ፋብሪካ ጠቀለለ፤ ከማሽኖቹም ብዙውን ነቀለ። በ1936 ደግሞ በሕግ አንድ ቦርድ ተቋቋመ። ከሚሠራው ስፒንድል ሁሉ መዋጮ እየሰበሰበ ከሚፈለገው በላይ የሆነውን ማሽን ገዝቶ ይሰባብር ነበር። በዚህ መንገድ ወደ 6 ሚሊዮን ስፒንድል ጠፋ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ለጥቂት ዓመታት ተገለበጠ። ጃፓን ወድቃለች፣ ዓለም ጨርቅ አጥቷል። መንግሥት ሴቶች ወደ ፋብሪካ ይመለሱ ብሎ በየግድግዳው ፖስተር ለጠፈ። ያ ሞቅታ ከ1951 አጋማሽ በኋላ በረደ። በ1958 ብሪታኒያ ከላከችው የጥጥ ጨርቅ ያስገባችው በለጠ። በኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን ዓለምን ጨርቅ ያለበሰች አገር የጨርቅ ሸማች ሆነች። አብዛኛው የሚገባው ከሆንግ ኮንግ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን ነው። በኮመንዌልዝ (የብሪታኒያና በእሷ ሥር የነበሩ አገሮች ማኅበር) ስምምነት ምክንያት ቀረጥ አይከፍልም።

ችግሩ፦ ትርፉ አቅም (ከገበያው በላይ የሆነው ማሽን) ለምን በራሱ አልጠፋም?

ገበያው ከጠፋ ደካማው ይዘጋል፣ ጠንካራው ይቀራል። ኢኮኖሚክስ ለሚማር ልጅ የሚነገረው ይኸው ነው። ላንክሻየር ላይ ግን ይህ ለአርባ ዓመት ያህል በቅጡ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ሳይገባን መፍትሔውን መመዘን አንችልም።

ማሽኑን እንመልከት። ሚዩል የሚባለው መፍተያ ረጅም ነው፤ ከአንዱ የአዳራሽ ጫፍ እስከ ሌላው ይደርሳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፒንድሎች የተሸከመው ጋሪ ወደ ፊት እየወጣ ክሩን ያጠምዛል፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጠቀልላል። ፈታዩ ዘይት በጠጣ የእንጨት ወለል ላይ ባዶ እግሩን ጋሪውን እየተከተለ ይመላለሳል። በ1950ዎቹ ሲሠሩ ከነበሩት ሚዩሎች ብዙዎቹ ከ1914 በፊት የተተከሉ ናቸው። ዋጋቸው ተከፍሎ አልቋል።

ወሳኙ ነጥብ ይህ ነው። ማሽኑ ዕዳ የሌለበት ባለቤት የሚያወጣው ለጥጥ፣ ለደመወዝና ለኃይል ብቻ ነው። ዋጋ ሲወርድ በሳምንት የሚሠራበትን ቀን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ቢዘጋ የሚያገኘው የብረት ዋጋ ነው። ባይዘጋ ግን ጎረቤቱ ቀድሞት ሊዘጋ ይችላል፣ ያኔ ገበያው ለእሱ ይሰፋለታል። ጎረቤቱም ልክ እንደዚሁ ያስባል። በር ላይ ቆመው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሰዎች ሁሉም ቆሞ ቀረ።

በዚህ መሃል ደህናው ፋብሪካም ይጎዳል። አዲስ ማሽን ልግዛ ቢል ጎረቤቱ በአሮጌ ማሽን በወጪው ልክ ይሸጥበታል። የአዲሱን ዕዳ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

የፈትል ፋብሪካዎቹ በመካከላቸው ዝቅተኛ የክር ዋጋ ወስነው ነበር። ከዚያ በታች መሸጥ ክልክል ነው። ይህ ስምምነት ደካማውን ፋብሪካ በሕይወት አቆይቶታል። በጥር 1959 ፍርድ ቤት ሻረው። ስምምነቱ ሲፈርስ ሥራ የሚያጡ ሰዎች እንደሚኖሩ ዳኞቹ ሳይክዱ፣ ስምምነቱ ትርፍ አቅም ያቆያል፣ የሕዝብ ጥቅምም አይደለም ብለው ነው የወሰኑት። መንግሥት የማሳነስ ሕጉን ያመጣው ከዚህ ፍርድ ጥቂት ወራት በኋላ ነው።

የተወሰደው እርምጃ

የወቅቱ መንግሥት ሁለት ግፊት ነበረበት። አንደኛው ኢንዱስትሪው ራሱ ነው። ሁለተኛው በጥቅምት 1959 ምርጫ መኖሩ ነው፤ ላንክሻየር ደግሞ ብዙ የፓርላማ ወንበር አላት። ሕጉ በሐምሌ ወጣ። ሰዎች በኋላ የምርጫ ጉቦ ነው ማለታቸው አልቀረም። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። ምርጫው ጊዜውን አፋጠነው እንጂ ችግሩን አልፈጠረውም።

ለማሽን ሰበራው ካሳ ሁለት ሦስተኛውን መንግሥት ይከፍላል። አንድ ሦስተኛውን በሥራው የሚቀሩት ፋብሪካዎች በመዋጮ ይሸፍናሉ። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ የሚወጣው ሲወጣ የሚጠቀመው የሚቀረው ነውና ይክፈል። ማንም አይገደድም። ማመልከቻ የማስገቢያ ቀን አለ፣ የመስበሪያም ቀን አለ። ማሽኑ ተሰባብሮ ለብረት መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ክፍል የማደሻ ድጎማ ነው። አዲስ ማሽን ለሚያስገባ መንግሥት ከወጪው 25 በመቶውን ይሰጣል። ለዚህ ሰፋ ያለ የዓመታት ጊዜ ተሰጠው። የሁለቱ ጠቅላላ የመንግሥት ወጪ ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ነበር።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ለተሰናባች ሠራተኞች ካሳ የሚከፈልበት መንገድ በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት መካከል ካልተመቻቸ የማሽን ካሳው አይለቀቅም። ገንዘቡን የሚያዋጡት አሠሪዎቹ ናቸው። ያኔ ብሪታኒያ ውስጥ አሠሪን የስንብት ክፍያ የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ አልነበረም። ያ የመጣው በ1965 ነው።

በጎን ደግሞ የማስመጣቱን ጉዳይ በድርድር ለመያዝ ተሞከረ። ሆንግ ኮንግ በ1959 የምትልከውን በፈቃዷ ለመገደብ ተስማማች። ሕንድና ፓኪስታን ተከተሉ። ስምምነቶቹ ግን የአጭር ጊዜ ነበሩ። ሲያልቁ እንደገና ድርድር ነው።

የተሳካው

ሰበራው። ፍጥነቱ የሚገርም ነበር። የካሳው ቀን አንዴ ከተቆረጠ «ጎረቤቴ ይቅደም» ማለት ትርጉም አጣ፤ ቀኑ ካለፈ የሚቀረው የብረት ዋጋ ብቻ ነዋ። በ1960 ጸደይ ሥራው በአብዛኛው አልቋል። መዶሻ ይዘው የገቡ ሰዎች ሚዩሉን በየቦታው ሰባበሩት። አካሉ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ተሰባሪ ብረት ስለሆነ ሲመታ ይከሰከሳል። ኦልድሃም በደጉ ዘመኗ ብቻዋን ከፈረንሳይና ከጀርመን ድምር በላይ ትፈትላለች ይባልላት ነበር። እዚያ ያሉ አዳራሾች በሳምንታት ውስጥ ባዶ ወለል ሆኑ።

የሠራተኛው ካሳም ተሳክቷል ብል አልተሳሳትኩም። መጠኑ ትንሽ ነበር፣ በዕድሜና በአገልግሎት ዘመን የሚሰላ። ግን የማሽኑ ካሳ ከሠራተኛው ካሳ ጋር ስለታሰረ ባለቤቱ ገንዘቡን ይዞ ሠራተኛውን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድበት በር ተዘጋ። ሌላም ዕድል ነበር። ጊዜው በብሪታኒያ ሥራ የሞላበት ነው። በደቡብ ላንክሻየር የኢንጂነሪንግና የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካዎች ሰው ይፈልጉ ነበር።

ያልተሳካው

ቁጥሩ ራሱ ትንሽ ያታልላል። ከተሰበረው ማሽን ብዙው ቀድሞውኑ የቆመ ነበር፤ በአንዳንድ አዳራሽ ለዓመታት ያልዞረ። መንግሥት ለእሱ የከፈለው ብር ከገበያው አንድ ክር እንኳ አልቀነሰም። የሪፖርቱ አኃዝ አማረ፣ የገበያው ሚዛን ግን የዚያን ያህል አልተለወጠም።

ዋናው ውድቀት ማደሱ ላይ ነው። ለአዲስ ማሽን ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይወጣል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። የወጣው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሽመናው በተለይ ወደ ኋላ ቀረ። ለምን?

ሁለት ማሽን እናወዳድር። በአሮጌው ላንክሻየር ሉም (የሽመና ማሽን) ላይ የመወርወሪያው ማግ ሲያልቅ ሸማኔዋ ማሽኑን አቁማ ሌላ ቀሰም ታስገባለች። ብዙ ጊዜ አራት ማሽን ትይዛለች። በአዳራሹ ያለው ጩኸት ሰው የማያሰማ ስለሆነ ሴቶቹ በከንፈር እንቅስቃሴ ነበር የሚያወሩት። አውቶማቲኩ ሉም ቀሰሙን ራሱ ይቀይራል፤ አንዲት ሸማኔ እጅግ ብዙ ማሽን መያዝ ትችላለች። ግን ውድ ነው። ዋጋውን የሚመልሰው በሁለትና በሦስት ፈረቃ ሲሠራ ነው። ላንክሻየር ደግሞ የአንድ ፈረቃ አገር ነበረች። የሠራተኛው ትልቁ ክፍል ባለትዳር ሴቶች ናቸው። ማታ ልጅ አለ፣ ቤት አለ። 25 በመቶ ድጎማ ይህን አይፈታውም።

የሌሊት ፈረቃው ሲመጣ የሞሉት በአብዛኛው ከፓኪስታን፣ ከሕንድና በኋላ ባንግላዴሽ ከሆነችው አገር የመጡ ወንዶች ናቸው። ዛሬ ኦልድሃም፣ ብላክበርንና ሮችዴል ያሉት የደቡብ እስያ ማኅበረሰቦች መነሻቸው ከዚያ ነው። የጨርቁ ውድድር ከመጣበት አገር ሠራተኛውም መጣ።

ከፈረቃው በላይ ግን የገበያው ጥርጣሬ ነው ያሰረው። አዲስ ሉም የሚገዛ ሰው ቢያንስ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ማሰብ አለበት። መንግሥት በማስመጣት በኩል የሰጠው ዋስትና የጥቂት ዓመት ነው። ሦስቱ አገሮች ሲገደቡ ሌሎች ክፍተቱን መሙላት ጀመሩ። ፖርቱጋል ደግሞ በ1960 ከብሪታኒያ ጋር በኢፍታ የንግድ ማኅበር ገባች፤ ቀረጡ ደረጃ በደረጃ ተነሣላት። ባለሀብቱ ሒሳቡን ሠርቶ ካሳውን ወሰደ፣ ድጎማውን ተወው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

የጊዜው ነገርም አለ። ሰበራው በተካሄደበት ወቅት ገበያው ድንገት ተነቃቃ። ትዕዛዝ ሲመጣ ማሽን ተነቅሏል፣ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ይዟል። ወሬው ብቻውን ብዙ ሰው አስወጥቷል፤ ፋብሪካዬ ይዘጋል ብሎ የሰጋ ሠራተኛ ቀድሞ ይሄዳል፣ ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ወጣቱና ጎበዙ ነው። ክፍተቱን ከውጭ የመጣ ጨርቅ ሞላው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የትልልቅ ኩባንያዎች ነው። ኮርቶልድስ የተባለው የጨርቃጨርቅ ኩባንያ በ1964 ያንን በ1929 የተቋቋመውን ኮርፖሬሽን ጨምሮ ትልልቅ የፈትል ኩባንያዎችን ገዛ። በአስርቱ ዓመት መጨረሻ ላይ ስኬልመርስዴል በተባለች የላንክሻየር ከተማ ዘመናዊ የሽመና ፋብሪካ ከፈተ። አሥር ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። የማንቸስተሩ የጥጥ ገበያ ሮያል ኤክስቼንጅ በ1968 መጨረሻ ንግድ አቆመ። ሕንፃው አሁን ቲያትር ቤት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ዋጋ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ተትቷል።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

ተመሳሳይ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የቆመውን ከሚሠራው ቢለይ ጥሩ ነው። ላለፉት አሥራ ሁለት ወራት የሠራ ማሽን ብቻ ሙሉ ካሳ ያገኛል የሚል አንድ አንቀጽ ብዙ ገንዘብ ባዳነ ነበር። ለማረጋገጥም አይከብድም። የኃይል ፍጆታና የደመወዝ መዝገብ አለ።

ቀን መቁረጡ ሊቀዳ የሚገባው ነገር ነው። መዋጮውም እንዲሁ። የካሳው መጠን ብቻውን ያን ያህል ሰው አያንቀሳቅስም ነበር ብዬ አምናለሁ። ያንቀሳቀሰው «ዛሬ ወይም መቼም» የሚለው ነው።

ማሳነስንና ማደስን በአንድ ሕግ ማሰሩ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። ለሚወጣው ሰው ገንዘብ ይበቃዋል። የሚቀረው ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የነገውን ገበያ ማወቅ ይፈልጋል። እሱን ድጎማ አይሰጠውም፣ የንግድ ፖሊሲ ነው የሚሰጠው። በ1959 ለንደን ውስጥ ይህን ለመስጠት ከኮመንዌልዝ አገሮች ጋር መጣላት ያስፈልግ ነበር። መንግሥት አልፈለገም። አለመፈለጉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆንግ ኮንግም የራሱ ግዛት ነበረች።

ቻይና በ1998 የሠራችው ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሻንግሃይ ላይ በመዶሻ ተጀምሮ 10 ሚሊዮን አሮጌ ስፒንድል የመቀነስ ዘመቻ ተካሄደ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ ተቀነሰ። የስፒንድሉ ቁጥር ከላንክሻየሩ ጋር የሚቀራረብ ነው፣ የሰው ዋጋው ግን እጅግ ከባድ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ ገባች፣ የዓለም የጨርቃጨርቅ ኮታም በ2005 ተነሣ። ከሰበረችው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ አዲስ ስፒንድል ተከለች። ልዩነቱ በመዶሻው ላይ አልነበረም።

አንድ ማሳሰቢያ ለእኛ አገር አንባቢ። እኛ ጋ ስፒንድል ቆሞ ሲታይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጥጥ፣ የመለዋወጫ፣ የውጭ ምንዛሪ ወይም የመብራት እጥረት ነው። ያ ትርፍ አቅም አይባልም። የላንክሻየር መድኃኒት ለዚያ በሽታ አይሆንም።

የሠራተኛውን ጉዳይ በተመለከተ ዕቅዱ ሁሉንም ከተማ አንድ አድርጎ ማየቱ ጎድቷል። ኦልድሃምና ቦልተን አካባቢ ሌላ ሥራ ስለነበረ ሰዉ ተሸጋገረ፤ ባዶዎቹ ፋብሪካዎችም መጋዘንና ሌላ ማምረቻ ሆኑ። እንደ በርንሌይና ኔልሰን ያሉት የሽመና ከተሞች ከሽመና ሌላ ያላቸው ትንሽ ነበር። እዚያ ካሳው ለጥቂት ወር የቤት ወጪ ሆነ፣ ወጣቱ ወጣ፣ የነዋሪው ቁጥር ለአሥርት ዓመታት እየቀነሰ ሄደ። የማሽን ካሳው የሚሰላው በስፒንድልና በሉም ነው። ከተማው ምን ያህል በጥጥ ላይ እንደተንጠለጠለ የሚለካ መስመር ግን ቀመሩ ውስጥ አልነበረም።